ጥቁሩን ጎን አትፍሩት፦ ስለ ቴሌቪዥን ምስል ወርድና ቁመት

ሀዋሳ ውስጥ ለዲሽ ሠራተኞች፣ ለካፌና ለሆቴል ባለቤቶች እንዲሁም ነገሩ ለሚያሳስባቸው ተመልካቾች በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰውታችሁ፣ የፍቅር ሐይቅን ነፋስ ትታችሁ ወደዚህ ሞቃት አዳራሽ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ አዳራሹ መግባት ከጀመራችሁበት ሰዓት አንሥቶ በዚህ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ አንድ የቆየ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲታይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል አይታችሁታል፤ አንዳንዶቻችሁ ቆማችሁ ስትከራከሩበትም ሰምቻለሁ። ተጫዋቾቹ ከልክ በላይ ወፍረዋል ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። አሁን ጨዋታውን አቁሜ፣ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ምንም ሳልነካ፣ ፍላሽ ላይ ያለ አንድ ፎቶ እከፍታለሁ። ፎቶው ነጭ ወረቀት ላይ የሲኒ ማስቀመጫ ደፍቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ካሰመርኩ በኋላ ከላይ ቀጥ አድርጌ በስልኬ ያነሣሁት ነው። እንደሰማሁት ሳቃችሁ ቀድሞኛል። ይህ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ የምታዩት ነገር ከላይ እስከ ታች 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የሲኒ ማስቀመጫ ሳይሆን የተጋደመ እንቁላል ሆኗል። ጨዋታውም ላይ የደረሰው ልክ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ፣ ዓይናችን በሰው ላይ የሚሆነውን ቶሎ ሲለምድ በክብ ነገር ላይ የሚሆነውን ግን እሺ ብሎ አለመቀበሉ ብቻ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ እንቁላል ነው። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ለጥገና ከተጠራሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ ቴሌቪዥኑም፣ ሪሲቨሩም፣ ዲሹም ምንም አልሆኑም ነበር። የተበላሸው የምስሉ ወርድና ቁመት ምጥጥን ነው፤ እርሱንም ያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ቦታ ማየት ያልፈለገ የሰው እጅ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጣጣ ከየት መጣ? ሁላችንም ያደግንበት ጀርባው የተነፋ ቴሌቪዥን ለአራት እጅ ወርድ ሦስት እጅ ቁመት ነበረው። ይህ ቅርጽ ቴሌቪዥን ራሱ የፈጠረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ለእያንዳንዱ ምስል የአራት ቀዳዳ ቁመት ሲመድብ የወጣው ቅርጽ ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ከሲኒማው ወረሰው፤ አገራችን በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሥርጭት ስትጀምርም የነበረው ይኸው 4 በ3 ነው። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ሰዉን ቤቱ ሲያስቀምጥበት ሲኒማው መላ ፈለገ፤ ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲኒማስኮፕ የተባለውን አሠራር ይዞ ሲወጣ የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ደረሰ፤ በኋላም 2.35 ገደማ ላይ ረጋ። ቤት ያለው ሣጥን ሊያሳየው የማይችለውን ስፋት ማሳየት ነበር ዓላማው።

እንግዲህ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን ሊመጣ ሲል ጥያቄው ይህ ነበር፤ አዲሱ ስክሪን የማንን ቅርጽ ይያዝ? የቴሌቪዥኑን ወይስ የሲኒማውን? እ.ኤ.አ. በ1984 ከርንስ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ያቀረበው መልስ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በጊዜው የነበሩትን የምስል ቅርጾች ሁሉ ጠቅላላ ስፋታቸው (ወርዱ በቁመቱ ሲባዛ) እኩል የሆኑ አራት ማዕዘኖች አድርጎ፣ መሐላቸውን አገናኝቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጪው ክፈፍና ሁሉም የሚጋሩት የውስጠኛው ክፈፍ አንድ ዓይነት ምጥጥን ሆነው ተገኙ፤ 1.77 ገደማ። በሙሉ ቁጥር ሲጻፍ 16 በ9 የምንለው እርሱ ነው።

ይህን የተረከሁት ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። 16 በ9 የማንም የራሱ ቅርጽ ሆኖ አልተመረጠም፤ በ4 በ3 እና በሲኒማው መካከል የተደረገ ሽምግልና ነው። እንደ ሽምግልናችንም ሁሉ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ይከፍላል። ከፊታችሁ ያለው ስክሪን ወርዱ 95፣ ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የድሮ ፕሮግራም በትክክለኛ ቅርጹ ሲታይበት 71 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይይዝና በግራም በቀኝም 12፣ 12 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ይተዋል። የሲኒማስኮፕ ፊልም ሲታይበት ደግሞ ከላይም ከታችም ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥቁር ይቀራል። በሁለቱም መንገድ የሚታጣው ከስክሪኑ ሩብ ያህሉ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ቦታ ገና ስክሪኑ ሲታሰብ ጀምሮ የታወቀና ስምምነት የተደረገበት ነገር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ደንበኛ ደውሎ «ስክሪኑ አልሞላም» ሲላችሁ ከመሰላል በፊት ይህን ማስረዳት ይቀድማል።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ምስሉ ከካሜራ ተነሥቶ ዓይናችን እስኪደርስ ቅርጹን መንካት የሚችሉ ሦስት እጆች አሉ፤ ጣቢያው፣ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ። አንዱ ብቻ ቢነካው መላ አለው። ችግር የሚሆነው አንዱ ያደረገውን ሌላው ሳያውቅ ሲደርብበት ነው።

በቀድሞው ጥራት ዘመን ሪሲቨራችን የሚያወጣው ምስል በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች (ፒክስሎች) ነበሩት። 720ን ለ576 ብታካፍሉት 1.25 ይመጣላችኋል፤ ይህም 4 በ3 ወይም 16 በ9 አይደለም። ምክንያቱም ነጥቦቹ ራሳቸው እኩል ጎን አልነበራቸውም፤ ያው 720 በ576 ለጠባቡም ለሰፊውም ምስል ያገለግል ነበርና። ልዩነቱን የሚናገረው ከምስሉ ጋር ተያይዞ የሚላክ ትንሽ ምልክት ነው፤ «ይህ 16 በ9 ነው፣ ዘርጋው» ወይም «ይህ 4 በ3 ነው፣ ተወው» የሚል። ምልክቱ መንገድ ላይ ከጠፋ ወይም ሪሲቨሩ ካላነበበው ሰዉ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ከፍተኛ ጥራት ያለው ሥርጭት ሲመጣ ይህ ጣጣ ቀረ፤ 1920 በ1080 ይሁን 1280 በ720፣ ነጥቦቹ እኩል ጎን አላቸው፣ ቅርጹም ምንጊዜም 16 በ9 ነው። ይሁንና ሸክሙ ከሪሲቨሩ ወርዶ ጣቢያው ላይ አረፈ። ጣቢያው የድሮ ካሴቱን በዚህ ሰፊ ክፈፍ ውስጥ ሲያስገባ ጎንና ጎኑን በጥቁር ወይም በሌላ ነገር መሙላት፣ መለጠጥ ወይም ከላይና ከታች መቁረጥ ይኖርበታል። አራተኛ መንገድ የለውም።

ከሦስቱ ሁለቱን በጥንቃቄ ለዩልኝ። የተለጠጠ ምስል ይመለሳል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ሀዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ካሜራዎቹ 4 በ3 ነበሩ። የዚያን ዘመን ቀረጻ አንድ ጣቢያ ለጥጦ ቢያሳያችሁ ተጫዋቾቹ አጭርና ደልዳላ ይሆናሉ እንጂ ሁሉም እዚያው አሉ። ወርዱ በሦስተኛ እጅ ጨምሯልና የቴሌቪዥናችሁን ማስተካከያ 4 በ3 ላይ ብታደርጉት ምስሉ ወደ ሦስት አራተኛ ወርዱ ይሰበሰብና ሰዉ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ነገር ግን ስክሪኑን ለመሙላት ሲባል ከላይና ከታች ሩቡ ከተቆረጠ፣ ዋንጫውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘው አምበል እጁ እንጂ ዋንጫው አይታይም፤ ያንን የትኛውም ሪሞት አያመጣውም። ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር፤ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች በኤችዲኤምአይ ገመድ ለሚገባ ምስል የ4 በ3 ምርጫውን ይዘጉታል። የሚፈቅደውም ቢሆን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወደ 16 በ9 መመለስን አትርሱ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዜና አንባቢ ሁዳዴን በውኃ ብቻ የጾመ ይመስላል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እኔ መጀመሪያ የማየው የጣቢያውን አርማ ነው። አርማው ላይ ክብ ነገር ካለ ይለካል፤ ሜትር ባይኖር ክር ይበቃል። አርማው ክብ ሆኖ ከሥሩ ያለው ሰው ብቻ ከወፈረ፣ ለጣጩ ጣቢያው ወይም ፕሮግራሙን የሠራው ስቱዲዮ ነው። አርማውም ሰውም አብረው ከወፈሩ ችግሩ ከቤታችሁ ነው፤ ሌላ ጣቢያ ላይም እንደዚያው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ሪሲቨሩ ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ የሚለውን ለመለየት ሪሲቨሩን ነቅላችሁ ፍላሽ ሰኩና የሲኒ ማስቀመጫችሁን ክፈቱ። ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ አንድ ካፌ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝተው በሁለተኛው ቀን አስጠሩኝ። «ልጄ፣ የሸጡልኝ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ሥዕሉ ግን ትንሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ምስሉ መሐል ላይ ተቀምጦ በአራቱም ጎን ጥቁር ከቦታል። ሪሲቨሩ ከድሮው 21 ኢንች ቴሌቪዥን የተረፈ ነው፤ ገመዱም ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የድሮው ኤቪ ነው። የሪሲቨሩን ማውጫ ስከፍት የቴሌቪዥን ዓይነት የሚለው 4 በ3፣ የማሳያ ዘዴ የሚለው ደግሞ ሌተር ቦክስ ላይ ነበር። ስለዚህ ጣቢያው ሰፊ ምስል ይልካል፤ ሪሲቨሩ አሁንም የድሮው ቴሌቪዥን ያለ መስሎት ምስሉን አሳንሶ ከላይና ከታች ጥቁር ይጨምርበታል፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ የመጣለትን 4 በ3 አክብሮ ከግራና ከቀኝ ሌላ ጥቁር ያክልበታል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ውጤቱ ግን በወርድም በቁመትም ሦስት አራተኛ የሆነ ምስል ነው። ባለ 55 ኢንች ገዝተው የሚያዩት 41 ኢንች ነበር፤ በስፋት ሲሰላ ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

አስተናጋጁ ልጅ አስቀድሞ የራሱን መላ ሞክሯል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ ምስሉን ወደ ጎን ለጠጠው፤ ጥቁሩ ከግራና ከቀኝ ሲጠፋ ተጫዋቹ ወፈረ፣ የላይና የታቹ ጥቁርም እንዳለ ቀረ። እኔ ዙም የሚለውን ሳደርግ ቅርጹ ተስተካከለ፤ ባለቤቱም ደስ ብሏቸው ቡና አዘዙልኝ። ነገር ግን ቅርጹ እንጂ ጥራቱ አልተስተካከለም ነበር። በኤቪ ገመድ ከሚያልፈው 576 መስመር ውስጥ ጥቁሩ ሲቀነስ ለምስሉ የሚተርፈው 432 ብቻ ነው። ከሳተላይት በ1080 መስመር የተነሣ ምስል 432 ሆኖ 55 ኢንች ላይ ሲለጠፍ፣ የተጫዋቹ የማሊያ ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም። ከሱቅ ኤችዲኤምአይ ገመድ አስመጥቼ፣ የሪሲቨሩን የቴሌቪዥን ዓይነት 16 በ9፣ የምስል መጠኑን 1080 አድርጌ፣ የቴሌቪዥኑንም ዙም አጠፋሁ። ብዙዎቻችን ዲሾቻችንን ከናይልሳት አንሥተን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት ስናዞር የሳህኑን አቅጣጫ በጥንቃቄ ለካን፤ ከሪሲቨሩ ጀርባ የተሰካውን ገመድና በማውጫው ውስጥ የቀረውን የድሮ ምርጫ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ጉድለት ነው፤ ለራሴም ጭምር ነው የምናገረው።

የራሴን ከጠቀስኩ አይቀር፣ የባሰውንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት የእናትና የአባቷን የሠርግ ቪኤችኤስ ካሴት ወደ ፍላሽ እንድገለብጥላት አመጣችልኝ። ገለበጥኩላት፤ ስገለብጥም «ዛሬ የሁሉም ሰው ቴሌቪዥን ሰፊ ነው» ብዬ 16 በ9 አድርጌ ለጥጬ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ አባቴ በሕይወት የለም፤ እንዲህ ወፍራም ግን አልነበረም። እናቴ ስታየው ዝም አለች» አለችኝ። ቪዲዮውን አብረን ከፈትነው። ሙሽራው ጭንቅላቱ ጠፍጥፎ፣ ትከሻው ጎንና ጎን ተጎትቶ፣ የጣቱ ቀለበት እንኳ ተጋድሞ ነበር። እርሷ የለየችው ፊቱን ሲሆን እኔ ያመንኩት ቀለበቱን ሳይ ነው። ካሴቱ ስላልተበላሸ በ4 በ3 ከመጀመሪያው አስገብቼ ሰጠኋት። ስቱዲዮ ላላችሁ የምለምነው ይህን ነው፤ የድሮ ካሴት ስትገለብጡ በተቀረጸበት ቅርጽ አስቀምጡት። መለጠጥ የፈለገ በገዛ ሪሞቱ ይለጥጠው፤ እናንተ ግን ፋይሉ ላይ አትጻፉበት።

ቴሌቪዥኖች ለጥቁሩ ፍራቻ ያዘጋጁት ሌላም መሸንገያ አለ። ሪሞቱ ላይ ዋይድ ዙም፣ ፓኖራማ ወይም ሌላ ስም ተሰጥቶት ታገኙታላችሁ። መሐሉን ብዙም ሳይነካ ዳርና ዳሩን ብቻ ይለጥጣል። ዜና አንባቢዋ መሐል ስለምትቀመጥ ደህና ትመስላለች፤ ካሜራው ዞር ሲል ግን ጉዱ ይወጣል። መስመር ይዞ የሚሮጠው ክንፍ ተጫዋች ወደ ስክሪኑ ጠርዝ በተጠጋ ቁጥር ይወፍራል። ከሥር የሚሮጠው የዜና ጽሑፍም ከቀኝ ሲገባ ሰፊና ፈጣን፣ መሐል ሲደርስ ጠባብና ዝግ ያለ፣ በግራ ሲወጣ እንደገና ሰፊና ፈጣን ይሆናል። ከምርጫዎቹ ሁሉ እኔ የምጠላው ይህን ነው፤ ሌሎቹ ቢያንስ ሁሉንም እኩል ያዛባሉ።

ከዚህ ጋር የምትያያዝ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ምስሉ ቅርጹ ትክክል ሆኖ ሳለ ጠርዙ የተቆረጠባችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ግማሹ ከጠፋ ወይም የጨዋታው ውጤት ጥግ ላይ ከተሸጎጠ፣ ምክንያቱ የድሮው ቱቦ ቴሌቪዥን ያወረሰው ልማድ ነው። ያ ቱቦ ጠርዙ የተስተካከለ ስላልነበር ምስሉን በጥቂቱ አስፍቶ ዳሩን ከክፈፉ ጀርባ ይደብቀው ነበር። የዛሬው ስክሪን ይህ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ አሁንም ያደርጉታል። ማጥፊያው በኤልጂ ጀስት ስካን፣ በብዙ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ስክሪን ፊት ይባላል። ይህን ስታደርጉ ጠርዙ መመለሱ ብቻ ሳይሆን፣ የምስሉና የስክሪኑ ነጥቦች ቁጥር እኩል ከሆነ ምስሉም ጥርት ይላል፤ የመጣው እያንዳንዱ ነጥብ በስክሪኑ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋልና።

«ጥቁሩ ስክሪኑን ይበላዋል» የሚለውን ወሬ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ወሬው መነሻ የለውም አልልም፤ በቱቦውና በፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ላይ ለረጅም ሰዓት ጥቁር ሆኖ የቆየው ጎን ከመሐሉ ያነሰ ስለሚያገለግል፣ ኋላ ምስሉ ሙሉ ሲሆን ልዩነቱ ይታይ ነበር። ኦሌድ የሚባለውም ነጥቦቹ ራሳቸው ብርሃን ስለሚሰጡ ዓመት ሙሉ ጎኑን ጥቁር አድርጎ ለሚያየው ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኛው ቤታችን ያለው ግን ከጀርባው በኤልኢዲ የሚበራው ኤልሲዲ ነው፤ እርሱ በዚህ አይጎዳም።

የስልኩን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። አሁን ሠርጉም፣ ልደቱም፣ የሰፈር ጨዋታውም የሚቀረጸው ስልክ ቁመቱን እንደያዘ ነው። እንዲህ ያለው ምስል ሰፊ ስክሪን ላይ ሲመጣ ከወርዱ ሲሦ እንኳ አይሞላም። ጣቢያዎች ጎንና ጎኑን ያንኑ ምስል አስፍተውና አደብዝዘው ይሞሉታል። የእኔ ምርጫ ጥቁሩ ነው፤ የደበዘዘው ጎን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይንን ከመሐሉ ይጠራል። ዳሩ ግን እዚህ ላይ መዛባት ስለሌለ ከማንም አልጣላም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል አንዱን እዚህ ማስፈር ተገቢ መስሎኛል። አንድ ወጣት የዲሽ ሠራተኛ «አንድ ሪሲቨር ሳሎን ላለው አዲስ ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ፣ መኝታ ቤት ላለው የድሮ 21 ኢንች ደግሞ በኤቪ ከተዘረጋ የቱን እናስተካክል?» ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቤት እንዲህ ነው። ሪሲቨሩን 16 በ9 ላይ አድርጉት። ከዚያ የድሮውን ቴሌቪዥን ማውጫ ፈትሹ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተሠሩት ብዙዎቹ 16 በ9 የሚል ምርጫ አላቸው፣ እርሱን ስትመርጡ ምስሉን ከላይና ከታች ሰብስቦ ቅርጹን ያስተካክለዋል። ምርጫው ከሌለው መኝታ ቤት ያለው ሰው ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ የቤቱን ባለቤት ጠይቁና ማን ይቅጠን የሚለውን እርሱ ይወስን።